አርባ ቤት

ማልሞ ላይ ሰኔ ነው፤ ረመዳን ገብቷል፤
መግሪብ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል።
ፀሐይዋ «አልተኛም» እንዳለች ልጅ ሆና
ከፎቁ ትከሻ ትስቃለች ገና።
ሦስት ተምር ይዤ ስልኬ ላይ አፈጣለሁ፤
አዛኑ ሲጀምር ድምፁን እቀንሳለሁ፤
ግድግዳው ስስ ነዋ፤ ሰው አይረበሽም፤
ከዚህ የበለጠ ሱና እዚህ የለም።

ጁምዓ ለት ኢማሙ፣ ሸህ ፉአድ፣ በኹጥባው
ስለ አጭር ቀሚሱ፣ ስለ ሙዚቃው፣
ስለ ልደት ሻማ፣ ስለ ወይን ሽታ
መከረን፣ ገሠጸን፣ በእልህ በዋይታ።
(መስጂዱ መጋዘን ነው የድሮ ታሪኩ፤
ሱጁድ ስንወርድ ዛሬም ይሸተናል የጎማው ላስቲኩ።)
እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ
ልጄን፣ ነጃትን፣ በሆዴ ከሰስሁ፤
ሱሪዋን፣ ጫማዋን፣ ጆሮዋ ላይ ያለውን፣
በስዊድንኛ ብቻ የምትስቀው ሳቋን።
«ወሰዷት» አልሁኝ። «ልጄን ወሰዱብኝ፤
በደሞዝ ደልለው ከእጄ ነጠቁኝ።»
ጣቴ ወደ እሷ ነበር።

ከበሬ ፊት ለፊት ጉኒላ አለች፤
ሰማንያ ሁለት ዓመት፣ ብቻዋን ነች።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሄይ» ተባብለናል፤
ሊፍት ውስጥ ቆመን የፎቁን ቁጥር አይተናል።
«ሄይ» ሁለት ፊደል ነው፤ ለስንቱ ይበቃል?

በመጣሁ ዓመት፣ በመጀመሪያው ዒድ፣
ሳምቡሳ በሳህን ይዤላት ብሄድ
በሰንሰለት ስንጥቅ ግማሽ ፊቷን አየሁ።
«ምን ፈለግህ?» አለችኝ። ምንም አልፈለግሁ።
ሳህኑን በነጋው በሬ ሥር አኖረች፤
አጥባው፣ አድርቃው፤ «አመሰግናለሁ» የሚል ብጣሽ ጨመረች።
ተማርሁ። ቶሎ ተማርሁ። ጎበዝ ተማሪ ነኝ።
ቀጠሮ የሌለው እግር አይኑርህ ሲሉኝ፣
ደውሎ መሄድን፣ ጽፎ መደወልን፣
ኋላም አለመሄድን፣ አለመደወልን።

ሐርቡ ላይ አባቴ በዱላቸው ጫፍ
ይቆጥሩልኝ ነበር የሰፈሩን ደጃፍ፤
«አርባ ቤት ወደዚህ፣ አርባ ቤት ወደዚያ፤
የጎረቤት ሐቅ የለው የሃይማኖት መለያ።»
እኔ አንዱን አልቆጠርሁ።
አንዱን። ስድስት እርምጃ።

በሃያ ሦስተኛው ጾም፣ ዐስር ሰግጄ ስወጣ
ከደጇ ተከምሮ የሁለት ቀን ጋዜጣ
አይቼው አለፍሁ። ስመለስም አየሁ።
«የሰው ጉዳይ» ብዬ በሬን ዘጋሁ።

ነጃት ግን በቡጢ በሩን ደበደበች፤
ዝም ሲላት ጊዜ ተንበረከከች፤
በፖስታው ቀዳዳ «ጉኒላ!» አለች፤ ሰማች
ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ እንደ ድመት ቀጭን ድምፅ።

እሳት አደጋዎች በሩን ገነጠሉ።
መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ሁለት ሌሊት።
እየሮጥሁ ስደርስ ልጄ እዚያ ወለል ላይ፣
ሻርፗን ከራሷ ፈታ፣ አጥፋ፣ ትራስ ሠርታላት፣
የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ።
አራት ወንድ ቆሟል።
እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፀጉሯን ነው።
አላህ ይቅር ይበለኝ፤
መጀመሪያ ፀጉሯን።

ማታ፣ ተምሩ መሀላችን ሆኖ፣
«ማን አስተማረሽ?» አልኋት።
«ምኑን?»
«ማንኳኳቱን።»
ትከሻዋን ነቀነቀች፤ «ምን የሚማሩት አለው?»
በስዊድንኛ ነው ያለችው።

ዛሬ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤
በር ላይ የተጻፈ ስም አነበብሁ፤
«ሊንድክቪስት» ይላል። ቀጥሎ «ሃዚች»።
ጣቴ ለማንኳኳት ታጥፋ በአየር ቆመች።
ምን እላለሁ? ምንም አልፈለግሁምና።
በመስኮቱ ፀሐይ
አልጠለቀችም ገና።